ሰፊ ማዕዘን የሚይዙ የድሮ ሚዲየም ፎርማት ካሜራዎች፦ ከአራቱ የትኛው ለማን ይሆናል?

በ120 ፊልም (ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር በሚሰፋው፣ ሚዲየም ፎርማት በሚባለው) የሚሠራና ሰፊ ማዕዘን የሚይዝ የድሮ ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውን ከሌንሱ ይጀምራል፤ የትኛው ሌንስ ጥርት አድርጎ ያነሳል፣ የትኛውስ በምስሉ ጠርዝ ላይ አይደበዝዝም ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለመምረጥ ብዙም አይረዳም። እዚህ የማወዳድራቸው አራት ካሜራዎች፣ ማለትም ሃሰልብላድ ኤስ ደብልዩ ሲ፣ ፉጂ ጂ ኤስ ደብልዩ 690፣ ፕላውበል ማኪና ደብልዩ 67 እና ከ43 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ማሚያ 7፣ ሁሉም ለትልቅ ህትመት የማያሳፍር ሌንስ አላቸው፤ ክብደታቸውም ቢሆን ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ግራም ባለው መካከል ስለሆነ ለውሳኔ አያበቃም። የሚለያዩት በሌላ ነው፦ ርቀቱን የሚለካው የባለቤቱ ዓይን ነው ወይስ መሣሪያው፣ ሻተሩን፣ ማለትም ለብርሃኑ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መዝጊያ፣ የሚያንቀሳቅሰው ሞላ ነው ወይስ ባትሪ፣ ሲበላሽስ በቀላሉ ይጠገናል ወይ? በእኔ አስተያየት ከዋጋው ቀጥሎ ውሳኔውን ሊሸከሙ የሚገባቸው እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው።

በአንድ ሌንስ ዙሪያ የተሠራው ካሜራ

የሃሰልብላዱን ባሕርይ ለመረዳት ከአሠራሩ ምክንያት መነሳት ይጠቅማል። ምስሉን በመስተዋት አንጸባርቆ የሚያሳይ ካሜራ በሌንሱና በፊልሙ መካከል መስተዋቱ ከፍና ዝቅ የሚልበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ስለሆነም ለእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ የሚሠራ ሰፊ ሌንስ ከፊልሙ ርቆ እንዲቀመጥ ሆኖ ይነደፋል፤ ይህም ሌንሱን ያገዝፈዋል፣ በምስሉ ዳር ያሉትን ቀጥ ያሉ መስመሮችም በጥቂቱ ያጎብጣቸዋል። ሉድቪግ በርተለ ለዛይስ ኩባንያ የነደፈው ባዮጎን የተባለው ሌንስ ግን በተቃራኒው መንገድ ሄደ። የሌንሱ የፊትና የኋላ ክፍል ተቀራራቢ ቅርጽ ስላላቸው ቀጥ ያለው መስመር ቀጥ እንዳለ ይቀራል፤ የኋላው ገጽ ደግሞ ወደ ፊልሙ እጅግ ስለሚጠጋ መስተዋት የሚገባበት ስፍራ የለም። ሃሰልብላድ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው የመጀመሪያው ሞዴል መስተዋቱን ትቶ በዚህ ባለ 38 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 4.5 (ኤፍ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ የሚለካ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ሌንስ ዙሪያ የተሠራ ቀጭን አካል ነበር። በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ኤስ ደብልዩ ሲ ተካው፣ ቀጥሎም ኤስ ደብልዩ ሲ ኤም፣ 903 እና በ2001 የወጣው 905 መጡ። መሠረታዊው ሐሳብ ግን እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። በ1966 የአሜሪካው የጄሚናይ ፕሮግራም ጠፈርተኞች ከምድር ውጭ ይዘውት ወጥተዋል፤ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሊ ፍሪድላንደርም ለዓመታት የሠራበት ካሜራ ነው።

የተቀሩት ሦስቱ ጃፓን ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ፉጂ ጂ ኤስ ደብልዩ 690 ባለ 65 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 5.6 ሌንስ ሆኖ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በሦስት ትውልድ ወጥቷል፤ ስድስት በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኔጋቲቭ ይሰጣል። ፕላውበል መሠረቱ የጀርመን ቢሆንም በ1970ዎቹ በጃፓናዊ ባለሀብት እጅ ገብቶ ማኪና 67ን፣ ከዚያም በ1982 ሰፊውን ደብልዩ 67 አወጣ፤ ሌንሱ ባለ 55 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 4.5 ኒኮር ሲሆን በወናፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ማሚያ 7 በ1995፣ ሁለተኛው ትውልዱ ደግሞ በ1999 ወጣ። ከአራቱ ሌንሱ የሚቀየረው የእርሱ ብቻ ነው።

ስንት ሜትር ይይዛል?

የሌንስን ስፋት በዲግሪ መናገር የተለመደ ቢሆንም፣ ዲግሪው ብዙ ጊዜ የሚለካው ከምስሉ አንድ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ስለሆነ ያሳስታል። ይልቁንም ከአንድ ግድግዳ 6 ሜትር ርቀን ቆመናል እንበል። ሃሰልብላዱ ምስሉ አራት ማዕዘኑ እኩል ስለሆነ ወርዱም ቁመቱም 8.8 ሜትር ገደማ ይይዛል። ማሚያው በአግድም ሲያዝ ወርዱ 9.6፣ ቁመቱ 7.8 ሜትር ነው። ፉጂው በወርድ 7.7፣ በቁመት ግን 5.2 ሜትር ብቻ ይይዛል። ማኪናው 7.5 በ6.1 ነው። ከዚህ እንደሚታየው በአግድም እይታ ፉጂውና ማኪናው እምብዛም አይራራቁም፤ ሃሰልብላዱን ልዩ የሚያደርገው ካሜራውን ሳያዞሩ የሚያገኙት ቁመት ነው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ወደ ኋላ መሸሻ በሌለበት ቦታ ነው። ላሊበላ ውስጥ ቤተ ጊዮርጊስን ከበው ከተፈለፈሉት ግድግዳዎች ሥር የቆመ ፎቶ አንሺ፣ ወይም በጠባብ መንገድ ላይ ረጅም ሕንፃ የሚያነሳ ሰው፣ ካሜራውን ወደ ላይ ካዘነበለ ግድግዳዎቹ ወደ ጫፋቸው የተጠጋጉ ይመስላሉ። መፍትሔው ካሜራውን በውሃ ልክ አስተካክሎ ቀጥ አድርጎ መያዝና የማያስፈልገውን የታችኛውን መሬት በህትመት ጊዜ ቆርጦ መጣል ነው። ከእኩል አራት ማዕዘን ምስል ላይ የታችኛውን ሲሶ ጥሎ መልካም አግድም ፎቶ ማግኘት ይቻላል፤ ከፉጂው አግድም ምስል ላይ ግን ለመጣል የሚተርፍ ቁመት የለም፣ ካሜራውን አቁሞ መያዝ ግድ ይላል። ለሕንፃ ሥራ ሃሰልብላዱን የማስቀድመው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ለሜዳና ለተራራ ግን የፉጂው ትልቅ ኔጋቲቭ ይበልጣል፤ በአንድ ሮል 8 ምስል ብቻ መሆኑን የሚታገስ ከሆነ። ማሚያውና ማኪናው 10፣ ሃሰልብላዱ 12 ያወጣሉ።

ማየትና ማነጣጠር

ኤስ ደብልዩ ሲ ከላይ በተሰካ መመልከቻ ብቻ የሚታይ ካሜራ ነው። መመልከቻው ርቀት አይለካም፤ ከምስሉ በታች በኩልም የሌንሱ አካል ገብቶ የተወሰነውን ይሸፍናል። ርቀቱን በዓይን ገምቶ በሌንሱ ቀለበት ላይ መሙላት የባለቤቱ ሥራ ነው። ይህ ለብዙ ሰው የሚያስፈራ ቢሆንም የሌንሱ አጭርነት ስህተቱን ይቅር ይላል፦ ቀዳዳው ኤፍ 16 ላይ ሆኖ ቀለበቱ ወደ 1.8 ሜትር ከተደረገ ከ90 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራል። ችግሩ የሚመጣው ቀዳዳውን ከፍቶ ቅርብ ያለ ሰው በሚነሳበት ጊዜ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ማጋዚኑን፣ ማለትም ፊልሙ ያለበትን ተነቃይ የኋላ ክፍል፣ አውልቆ በቦታው የሚገጠም የመስታወት ሰሌዳ አለ፤ ምስሉን በትክክል ቢያሳይም ትራይፖድ ይጠይቃል፣ ሥራንም ያዘገያል።

ፉጂውና ማኪናው ርቀቱን በመመልከቻው ውስጥ ሁለቱን ምስሎች በማጋጠም ይለካሉ። በፉጂው ላይ ኤፍ 16 ቢሞላም ቀለበቱ 4 ሜትር ገደማ ላይ ካልሆነ እስከ አድማስ አይደርስም፤ ጥራቱም የሚጀምረው ከ2 ሜትር ነው። ስለዚህ መለኪያው ጌጥ አይደለም፣ ያስፈልጋል። በማሚያው ላይ ደግሞ 43 ሚሊ ሜትሩ ከካሜራው መመልከቻ የሰፋ በመሆኑ በዋናው መመልከቻ ርቀቱን ለክቶ፣ ዓይንን ከላይ ወደተሰካው ሁለተኛ መመልከቻ አንስቶ ምስሉን ማቀናበር ይኖርብዎታል። ሁለት ጊዜ ማየቱ ለመንገድ ላይ ፎቶግራፍ አይመችም፤ ይህን ከመግዛታቸው በፊት የሚያስቡት ጥቂቶች ናቸው።

ብርሃን ለክተው የሚነግሩት ማሚያውና ማኪናው ብቻ ናቸው። ሃሰልብላዱና ፉጂው የእጅ ላይት ሜትር ወይም የስልክ መተግበሪያ ይፈልጋሉ፤ ለኔጋቲቭ ፊልም ስልኩ በቂ ነው።

ሞላ ወይስ ባትሪ

የማሚያ 7 ሻተር በኤሌክትሮኒክስ ይሠራል። ባለ 6 ቮልት ባትሪው ካለቀ ካሜራው ጨርሶ አይተኩስም፤ ባትሪው በየሱቁ የሚገኝ ስላልሆነ መጠባበቂያ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ መኖር አለበት። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የውስጡ ሰሌዳ የተበላሸ ዕለት የሚመጣው ነው፤ መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ ከሞተ ማሚያ ብቻ እየሆነ ሄዷል፣ ካሜራው ግን እስከዛሬ ከአራቱ ውድ ከሆኑት መካከል ነው። የ43 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከባዮጎኑ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም መሆኑን እያመንኩ እንኳ፣ ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሚቆይ ካሜራ ለሚፈልግ ሰው ማሚያውን አልመክርም። ካሜራውን በየቀኑ የሚሠራበትና ወጪውን ከሥራው የሚመልስ ባለሙያ ሌላ ስሌት ሊኖረው ይችላል።

የተቀሩት ሦስቱ በሞላና በጥርሳማ ጎማዎች ይተኩሳሉ። የማኪናው ባትሪ ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለሆነ ቢያልቅም ሻተሩ ሥራውን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ሞላም ቢሆን እንክብካቤ ይፈልጋል። ካሜራው ወራት ሳይነካ ሲቀመጥ የሻተሩ ቅባት ይደርቅና በተለይ ዘገምተኞቹ ፍጥነቶች ይዘገያሉ። ይህን በጆሮ መለየት ይቻላል፦ ሻተሩን አንድ ሰከንድ ላይ አድርገው ሲተኩሱ ከመክፈቻው ድምፅ በኋላ ወጥ የሆነ የጥርሶች ድምፅ ይሰማና በመዝጊያው ይቆማል። ድምፁ መሃል ላይ ከተጎተተ፣ ወይም መጀመሪያ ተጎትቶ ከአምስተኛው ስድስተኛው ተኩስ በኋላ ከተስተካከለ፣ ቅባቱ ደርቋል። ለጊዜው ከግማሽ ሰከንድ በፈጠኑት ፍጥነቶች መሥራት ቢቻልም መታጠብና እንደገና መቀባት አለበት። ዘይት በራስ እጅ ጠብ ማድረግ ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዘይቱ ወደ ሻተሩ ቅጠሎች ይወርድና እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ከዚህ የሚያድነው በወር አንድ ጊዜ፣ ፊልም ሳይኖር፣ ሁሉንም ፍጥነቶች ጥቂት ጊዜ መተኮስ ነው።

ለእያንዳንዱ ካሜራ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የሃሰልብላዱ ደካማ ጎን አካሉ ሳይሆን ማጋዚኑ ነው። ማጋዚኑ ከካሜራው ሲወልቅ ፊልሙን የሚሸፍነው ቀጭን የብረት ሳህን በአንድ ጠባብ ስንጥቅ በኩል ይገባና ይወጣል፤ በስንጥቁ ውስጥ ያለው ስፖንጅና ስስ ሽፋን ሲያረጅ ብርሃን ይገባል። ምልክቱ በኔጋቲቩ አንድ ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ የተዘረጋ ጥቁር ጭረት ነው፤ በህትመቱ ላይ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መለዋወጫው ርካሽ ነው፣ ትንሽ ጠመዝማዣና ትዕግሥት ያለው ሰው በቤቱ ሊቀይረው ይችላል። ማጋዚን ሲገዙ ከውጭው ቅርፊትና ከውስጡ ፊልም መያዣ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ያመሳክሩ፤ አብረው የተሠሩ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች አንድ ናቸው። ካልገጠሙ ሊሠራ ይችላል፣ ሆኖም በምስሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሊዛባ ይችላል።

ፊልም ሲጎርስም የሚዘነጋ ነገር አለ። የፊልም መያዣውን ከቅርፊቱ አውጥተው ቁልፉን ሲያዞሩ በጎን በኩል ያለችው ትንሽ ብረት ትነሳለች፤ የወረቀቱ ጠርዝ በዚያች ብረት ሥር ማለፍ አለበት። ከላይዋ ካለፈ ፊልሙ ተዘርግቶ አይቀመጥም፣ ሌንሱ የቱንም ያህል ቢጠራ ምስሉ በከፊል ይደበዝዛል፤ ጥፋቱም በሌንሱ ይመካኛል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀስት ከመያዣው ምልክት ፊት ለፊት ሲደርስ መያዣውን ወደ ቅርፊቱ መልሰው መዘውሩን እስኪቆም ያዞራሉ፤ በመስኮቱ ላይ 1 ቁጥር ይታያል።

ሌላው ጥንቃቄ የባዮጎኑ የኋላ ገጽ ነው። ማጋዚኑ ሲወልቅ ሌንሱ ያለ መከላከያ ወደ ኋላ ብቅ ብሎ ስለሚቀር በጣት መንካትና መፋቅ ቀላል ነው። የኋላ ክዳን ሳይኖር ቦርሳ ውስጥ አይጣል። ሌንሱን ከአካሉ መፍታትም በቤት የሚሞከር አይደለም፤ በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው ርቀት ፋብሪካ ውስጥ በረቂቅ ልክ የተስተካከለ ነው፣ ርቀት የሚገመትበት ካሜራ ላይ ደግሞ ይህ ልክ ቢዛባ የሚያሳውቅ መመልከቻ የለም።

ፉጂው ከሁሉ ያነሰ ይጠይቃል። ሥሩ ላይ የተተኮሰውን ምስል የሚቆጥር መቁጠሪያ አለው፤ በየአሥሩ ተኩስ አንድ ስለሚጨምር 150 የሚል ቁጥር 1,500 ያህል ምስል ማለት ነው። መቁጠሪያው ዙሪያውን ጨርሶ እንደገና ከዜሮ የጀመረ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የአካሉን መፋተግ አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ መክፈቻ የተሠራው የ"ቲ" ምልክት አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፦ ሻተሩ የሚዘጋው የፍጥነቱ ቀለበት ሲዞር ወይም ፊልሙ ሲጠቀለል ስለሆነ ካሜራው ይነቃነቃል። ስለዚህ በማታ ሥራ መጀመሪያ ሌንሱን በጥቁር ካርቶን መሸፈን፣ ከዚያ ቀለበቱን ማዞር ይበጃል። ፊልሙን የሚጫነው ሰሌዳና መቁጠሪያው 220 (ከ120 በእጥፍ የሚረዝም ፊልም) ወደሚለው ዞረው እንዳይሆን ደግሞ ከመጉረስ በፊት ማየት ልማድ መሆን አለበት፤ ያ ፊልም ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፣ የቀድሞው ባለቤት ግን ማብሪያውን እዚያው ትቶት ሊሆን ይችላል።

ማኪናው ውብ ነው፤ ከታጠፈ በኋላ ከኮት ሥር ይገባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋጋው ግን በቀላሉ ከሚጎዱ ክፍሎቹ ጋር ሲታይ ያስደነግጣል። ከመታጠፉ በፊት የርቀቱ መዘውር ወደ መጨረሻው አድማስ መመለስ አለበት፤ ይህ ተረስቶ በጉልበት የተገፋ ካሜራ እግሮቹ ይጣመማሉ፣ ሌንሱም ከፊልሙ ጋር ትይዩ መሆኑ ይቀራል። ወናፉ በእጥፋቶቹ ጥግ ላይ ይበሳል። ለመፈተሽ በጨለማ ክፍል ውስጥ ካሜራውን ዘርግቶ፣ የኋላ በሩን ከፍቶ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አስገብቶ ከውጭ መመልከት ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ከታየ ወናፉ መቀየር አለበት። የፊልም መጠቅለያ እጀታውም በኃይል መጎተት የለበትም፤ ከቆመ፣ ይቁም፤ ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል።

በማሚያው ላይ ከኤሌክትሮኒክሱ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የርቀት መለኪያው ነው። ሩቅ ያለ ምሰሶ ላይ አነጣጥረው ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ቢገጥሙም አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ ካሜራው ወድቋል ወይም ተመቷል ማለት ነው።

እርጥበት የአራቱም ጠላት ነው። በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ዓመታት የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ይይዛል፤ ቆዳው ራሱ እርጥበቱን ያቆያልና። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ ካሜራው ከማቀዝቀዣ ክፍል ወጥቶ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲነካው ሌንሱ ጤዛ ይለብሳል፣ ውሃው ወደ ሻተሩም ሊገባ ይችላል። በታሰረ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንዳለ አውጥቶ የውጭውን ሙቀት እስኪለምድ መጠበቅ ይበቃል።

የትኛውን ለማን

ዋና ሥራው ሕንፃ፣ የውስጥ ክፍልና ቀጥ ያለ መስመር ለሆነ፣ ርቀት በዓይን መገመትንም ለሚለማመድ ሰው ኤስ ደብልዩ ሲ ከሁሉ ይቀድማል። ከትውልዶቹ ኤስ ደብልዩ ሲ ኤም ጥሩ አማካይ ነው፤ 905 ለአሰባሳቢዎች ይቅር። ከጠጋኝ ርቆ የሚኖር፣ ካሜራው ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣለትና አልሆነም ብሎ መመለስ የማይችል ሰው ደግሞ ፉጂውን፣ በተለይ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ትውልድ ቢገዛ አይቆጭም፤ ከአራቱም ርካሹ እርሱ ነው። ማኪናውን የምመክረው የታወቀ ጠጋኝ በቅርቡ የሠራው መሆኑ በደረሰኝ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ከአራቱ ውጭም መንገድ አለ። በ1961 እና በ1967 መካከል የተሠራው ሰፊው ሮለይፍሌክስ በቁጥር ጥቂት በመሆኑ ዋጋው የአሰባሳቢ ዋጋ ነው። ማሚያ ሲ 330 ከ55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ግን በመጠኑ ሰፊ፣ ሙሉ በሙሉ በሞላ የሚሠራና ዋጋው የሚቀል ሲሆን ምስሉንም በመስታወቱ ላይ አይቶ ማነጣጠር ያስችላል። ክብደቱን ለማይፈራ ጀማሪ መጥፎ ምርጫ አይደለም።

የመጀመሪያው ሮል

የትኛውም ካሜራ ቢገዛ የመጀመሪያው ሮል ለፈተና መዋል አለበት፤ የሻጩ የመመለሻ ጊዜ ከማለፉ በፊትም ታጥቦ መታየት አለበት። ትራይፖድ ላይ ሆነው አንዱን ምስል ሩቅ ሕንፃ ላይ፣ ቀዳዳውን ሙሉ ከፍተው፣ ቀለበቱን የመጨረሻው አድማስ ላይ አድርገው ያንሱ፤ አራቱም ጥግ እኩል መጥራቱን ያያሉ። ሁለተኛውን ሁለት ሜትር ላይ ባለ፣ በሜትር በተለካ ጽሑፍ ላይ ያንሱ። ከዚያ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፍጥነቱን ከ1/500 እስከ 1/30 እየቀነሱ፣ ቀዳዳውንም በዚያው ልክ እያጠበቡ ሦስትና አራት ምስል ያንሱ፤ ኔጋቲቮቹ ላይ ጥቁረቱ ከተለያየ ከፍጥነቶቹ አንዱ ትክክል አይደለም። በሃሰልብላዱ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምስሎች ከማንሳትዎ በፊት የማጋዚኑን ሳህን ከትተው ካሜራውን ፀሐይ ላይ አምስት ደቂቃ ያቆዩት፤ በሌሎቹ ፀሐዩን የኋላ በሩ ያግኘው። ፊልሙ ሲታጠብ ለላቦራቶሪው እንዳይቆርጡት ይንገሩ፤ ሙሉውን ጥቅል ዘርግተው በምስሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ይችላሉ። ክፍተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየጠበበ ከሄደ ወይም ሁለት ምስሎች ከተደራረቡ ለሻጩ የሚላከው ማስረጃ ያ ፊልም ነው።